ከፌስታሉ ወረቀት እስከ ኑዛዜው፦ ለጡረታና ለውርስ አስቀድሞ መዘጋጀት

አባቴ ወረቀቶቹን ሁሉ በአንድ ጥቁር ፌስታል ጠቅልሎ ቁምሳጥን አናት ላይ ያስቀምጥ ነበር። ካረፈ በኋላ፣ አርባው ሲወጣ፣ ፌስታሉን አልጋ ላይ ዘረገፍነው። የድሮ የውሃና የመብራት ደረሰኝ ተከምሯል። የቤቱ ካርታ አለ። የባንክ ደብተር አለ። የእሱና የእናቴ የጋብቻ ወረቀት የለም። ካርታው ላይ ስሙ በእዝባር አጥሮ ተጽፏል፤ መታወቂያው ላይ ተሟልቷል፤ ባንክ ደብተሩ ላይ ደግሞ የአያቴ ስም በሌላ ፊደል ነው የተጻፈው። ሦስቱም ወረቀቶች የአንድ ሰው መሆናቸውን ለማስረዳት ብቻ ስምንት ወር ፈጀብን። እሱ በሕይወት ሳለ ቢሆን ኖሮ ጥቂት ቀን ቢሮ ተመላልሶ የሚጨርሰው ጉዳይ ነበር።

አሁን የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። የእድራችን ጸሐፊ ስለሆንኩ ሰው ሲያርፍ ከቤተሰቡ ጋር ወረቀት ስፈልግ የማመሽበት ቀን ብዙ ነው። ከፒያሳና ከካዛንቺስ ተነሥተው የመጡ አሉ። ዕጣ የደረሳቸው አሉ። ከጥንት ጀምሮ እዚሁ የኖሩ የገበሬ ቤተሰቦችም አሉ። ችግሩ ግን የሁሉም አንድ ነው፤ ንብረቱ አለ፣ ወረቀቱ ግን አይናገርም። ስለዚህ ሰው በቁሙ ሳለ ሊጨርሰው የሚችለውን ሥራ በቅደም ተከተል ልጻፈው። ዕድሜያችሁ 45 ካለፈ ለራሳችሁ ሥሩት። ወላጆቻችሁ በዕድሜ ከገፉ ደግሞ ከእነሱ ጋር ቁጭ ብላችሁ ሥሩት።

ከወላጅ ጋር ስትጀምሩ «ኑዛዜ» በሚለው ቃል አትጀምሩ። ብዙ ወላጅ «ሞቴን ነው እንዴ የምትጠብቁት?» ይላል፤ እውነቱን ነው፣ ቅር ያሰኛል። «እማዬ፣ ካርታውን ኮፒ ላስደርግልሽና በፋይል ላስቀምጠው» ብላችሁ ጀምሩ። ወረቀቱ እየተገለጠ ሲሄድ ወሬው ራሱ ይመጣል። እኔና እናቴ ያወራነው ምስር እየለቀምን ነው።

1. ወረቀቱን ከፌስታል አውጡ

አንድ ጠንካራ ክላሰር ግዙ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በእጃችሁ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ምን አለን፣ ምን ዕዳ አለብን፣ ከማን ጋር ምን ጉዳይ አለን። ይህች ገጽ ከኋላዋ ካሉት ወረቀቶች ሁሉ ትበልጣለች። ምክንያቱም ልጆች ብዙ ጊዜ የሚቸገሩት ያለውን ነገር መከፋፈል አቅቷቸው ሳይሆን መኖሩንም ስለማያውቁ ነው።

ከዚያ በኋላ እነዚህን ሰብስቡ፦

- የቤት ካርታ፣ ወይም የኮንዶሚኒየም ውልና የባንክ ብድር ወረቀት
- የጋብቻ ማስረጃና የልጆች የልደት የምስክር ወረቀት
- የጡረታ መለያ ቁጥር፣ የቅጥር ደብዳቤዎች፣ የሥራ ልምድ
- የባንክ ሒሳብ ቁጥሮች፣ የአክሲዮን ሰርተፍኬት፣ ኢንሹራንስ ካለ ውሉ
- የእድር ደብተርና የእቁብ ዝርዝር
- ያበደራችሁትና የተበደራችሁት ገንዘብ፣ በቃል የተደረገውም ቢሆን

አሁን አሁን ንብረት ስልክ ውስጥም ይቀመጣል። ኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮኑን በ2017 ሲሸጥ አንዱ 300 ብር ነበር፤ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ 9,900 ብር። የተገዛውም በቴሌብር ነው። ጎረቤቶቼ ውስጥ የገዙ ጡረተኞች አሉ። ልጆቻቸው ግን አያውቁም። በቤት ውስጥ የሚነካ፣ የሚታይ ወረቀት ስለሌለ ስልኩ ሲጠፋ ወሬውም አብሮ ይጠፋል። የይለፍ ቁጥሩን አትጻፉ። «ቴሌብር ላይ አክሲዮን አለኝ» የሚለውን ብቻ ጻፉ።

ዋናውን ወረቀት በክላሰር አስቀምጡ። ፎቶ አንሥታችሁ ቢያንስ ለሁለት ልጆች ላኩ። ለአንድ ልጅ ብቻ ከሆነ በኋላ «አንተ ደበቅክ» ይመጣል።

2. ስማችሁን በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ አድርጉ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ፤ ቤተሰብን ከምንም በላይ የሚያንከራትተው ይህ ነው።

ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ዘርጉ። ስማችሁን፣ የአባትን ስም፣ የአያትን ስም ፊደል በፊደል አነጻጽሩ። «ገ/» የሚለው ሙሉ ነው ወይስ አጥሯል? «ፀሐይ» በጸሎቱ «ጸ» ነው ወይስ በፀሐዩ «ፀ»? «ሀ» ነው «ሐ»? በቤት ስም የተመዘገበ ወረቀት አለ? የክርስትና ስም የገባበትስ? እኛ ስናነበው አንድ ነው። መዝገብ ቤት ያለው ሠራተኛ ግን የሚያነጻጽረው ፊደሉን ነው።

መለኪያ የሚሆናችሁን አንድ ወረቀት ምረጡ። ዛሬ ባንክም ሆነ መንግሥት ቤት የሚጠይቀው ፋይዳን ስለሆነ ፋይዳው ላይ ያለውን ስም መሠረት ማድረግ ይቀላል። ግን መጀመሪያ ፋይዳው ራሱ በትክክል መመዝገቡን አረጋግጡ። ከዚያ ሌሎቹን ወደ እሱ አስተካክሉ። ከባንክ ጀምሩ፤ ቀላሉ እሱ ነው። ካርታውን ለመጨረሻ አቆዩት፤ ረጅሙ እሱ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ባለቤቱ በሕይወት ካለ መታወቂያውን ይዞ ቀርቦ «እኔ ነኝ» ይላል። ካረፈ በኋላ ግን ያ ቃል ከልጆቹ አፍ አይቆጠርም። ፍርድ ቤት ምስክር ተሰምቶ «ሁለቱም ስም የአንድ ሰው ነው» የሚል ውሳኔ ማምጣት ይጠበቃል። ምስክሮቹ ደግሞ በዕድሜ የገፉ ጎረቤቶች ናቸው፤ የድሮ ሰፈር ፈርሶ ሰዉ ሲበተን የት እንደገቡ ማግኘት ራሱ ሥራ ነው። እኛ ለአባቴ ጉዳይ አንዱን ምስክር ያገኘነው ለቅሶ ቤት ነው።

የልደት ዘመንንም አብራችሁ እዩ። ለጡረታ የሚቆጠረው መጀመሪያ ስትቀጠሩ ቅጽ ላይ የሞላችሁት ዕድሜ ነው። በኋላ መታወቂያ ላይ ቢቀየር እሱ አይያዝም። በዚህ ምክንያት ካሰቡት ሁለት ዓመት ቀድመው ጡረታ የወጡ ሰው አውቃለሁ።

3. ባልና ሚስት ምን ምን እንዳላቸው እወቁ

ብዙ ሰው «እኔ ብሞት ቤቱ ለሚስቴ ነው፣ ምን ጥያቄ አለው» ይላል። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም።

በፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ ያም ማለት በ1952 በወጣው፣ ያለ ኑዛዜ ለሞተ ሰው የመጀመሪያ ወራሾች ልጆቹ ናቸው፤ እኩል ይካፈላሉ። ከጋብቻ ውጭ የተወለደውም እኩል ነው። ልጅ ከሌለ ወላጆች ይመጣሉ። ባል ወይም ሚስት በዚህ ዝርዝር ውስጥ የሉም። የትዳር ጓደኛ የሚያገኘው ከጋራ ንብረቱ የራሱን ግማሽ ነው። ያ ውርስ አይደለም፤ ድሮም የእሱ ነበር።

በቁጥር ላስረዳ። አንድ ቤት 4 ሚሊዮን ብር ያወጣል እንበል። የጋራ ነው። ባልየው ያርፋል። 2 ሚሊዮኑ የሚስት ነው። የቀረው 2 ሚሊዮን ለአራት ልጆች ይከፈላል፤ ለእያንዳንዳቸው 500 ሺህ። አንዱ ልጅ «ድርሻዬን ስጡኝ» ብሎ ከጠየቀና እናት መክፈል ካልቻለች ቤቱ ሊሸጥ ይችላል። በ68 ዓመቷ እናት በ2 ሚሊዮን ብር የት ቤት ታገኛለች? ይህን ያየሁት በዓይኔ ነው፤ ልጆቹ ክፉ አልነበሩም፣ ቸግሯቸው ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር አድርጉ።

ጋብቻችሁን በወረቀት አረጋግጡ። በሽምግልና ወይም በቤተ ክርስቲያን ተጋብተው ወረቀት የሌላቸው ብዙ ናቸው። ወረዳ ሄዳችሁ አስመዝግቡ። ያለ ጋብቻ አብረው የሚኖሩም በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ 213/1992፣ ቢያንስ ሦስት ዓመት አብረው ከኖሩ ያፈሩት ንብረት የጋራ ይሆናል። ግን አንዱ ካረፈ በኋላ ያንን በምስክር ማስረዳት ሊመጣ ነው።

ከጋብቻ በፊት የመጣውን ወይም በውርስና በስጦታ የተገኘውን ለይታችሁ ጻፉ። እሱ የግል ነው። ግን ካልተለየ ሁሉም የጋራ ተብሎ ይገመታል።

የትዳር ጓደኛችሁ ከቤቱ እንዳይወጣ ከፈለጋችሁ በኑዛዜ ጻፉት። ባለቤትነቱን ለልጆች፣ እስከ ዕድሜ ልክ የመኖርና ኪራዩን የመጠቀም መብቱን ለሚስት ወይም ለባል መስጠት ይቻላል። ሕጉ «አላባ» የሚለው ይህንን ነው። አጻጻፉ ጥንቃቄ ስለሚፈልግ ለዚህ አንቀጽ ብቻም ቢሆን ጠበቃ አማክሩ።

ቤታችሁ ከአዲስ አበባ ወሰን አልፎ ሸገር ከተማ ውስጥ ከሆነ፣ ለምሳሌ ለገጣፎ፣ ሰበታ ወይም ቡራዩ፣ ኦሮሚያ የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው። ፍርድ ቤቱም በአፋን ኦሮሞ ነው የሚሠራው። የኑዛዜና የውርስ መሠረቱ ግን ያው የፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው።

4. የጡረታችሁን ብር ዛሬ አስሉ

60 ሲሞላ ስንት ይገባኛል ብሎ የሚያሰላ ሰው ጥቂት ነው። ሒሳቡ ግን ከባድ አይደለም።

ለሲቪል ሠራተኛ ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል። ለመጀመሪያው 10 ዓመት ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ይታሰባል። ከ10 ዓመት በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው።

አማካይ ደመወዙ 12,000 ብር የሆነ፣ 22 ዓመት ያገለገለ ሰው እንውሰድ። ለ10 ዓመቱ 30። ለቀሪው 12 ዓመት 15። ድምሩ 45 በመቶ። በወር 5,400 ብር። ይህን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉትና ከወር አስቤዛችሁ ጎን አስቀምጡት። የሚጎድለው ስንት ነው? ያንን የሚሞላው ምንድን ነው? ከ45 እስከ 60 ያለው ጊዜ የሚሰጣችሁ ለዚህች ጥያቄ መልስ ለመፈለግ ነው።

ሰውየው ካረፈ ሚስቱ የምታገኘው የጡረታውን ግማሽ ነው፤ በምሳሌያችን 2,700 ብር። የጡረታ አበል የውርስ አካል ስላልሆነ በኑዛዜ ለሌላ ሰው አይሰጥም። ስለዚህም ከላይ ያልኩት የጋብቻ ወረቀት እዚህም ይጠየቃል።

አገልግሎታችሁ ከ10 ዓመት በታች ከሆነ ወርሃዊ አበል የለም። አንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት ነው። ዘጠኝ ዓመት ሠርቶ «በቃኝ» ብሎ የሚወጣን ሰው ካያችሁ ቆም ብሎ እንዲያስብ ንገሩት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የመዋጮው ጉዳይ። ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ፣ ድምሩ 18 በመቶ ነው። በ12,000 ብር ደመወዝ ከእናንተ 840፣ ከድርጅቱ 1,320 ብር በየወሩ መግባት አለበት። የተቆረጠው ሁሉ ግን ገብቷል ማለት አይደለም። እኔ ድሮ የሠራሁበት አንድ ድርጅት ለአሥራ አራት ወር ከደመወዛችን እየቆረጠ ለጡረታ ፈንዱ አላስገባም ነበር። ያወቅነው አንድ ባልደረባችን ጡረታ ሊወጣ ወረቀት ሲጀምር ነው። ገንዘቡን ለማስገባት ሌላ ዓመት ሄደ፤ እሱ እስከዚያ ያለ ደመወዝም ያለ ጡረታም ቆየ።

ስለዚህ በዓመት አንድ ጊዜ የጡረታ መለያ ቁጥራችሁን ይዛችሁ አጣሩ። የግል ድርጅት ሠራተኛ ከሆናችሁ ወደ የግል ድርጅቶች ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ሂዱ። የመንግሥት ከሆናችሁ ደግሞ ወደ መንግሥት ሠራተኞቹ። የድሮ ፔይሮልና የደመወዝ ወረቀት አትጣሉ። ከአንድ መሥሪያ ቤት ስትወጡ የሥራ ልምዳችሁን በዚያው ሳምንት ተቀበሉ። ድርጅት ይዘጋል፤ ያኔ የሚጽፍላችሁ ሰው አይኖርም።

ጡረታ የሌለው ነጋዴ፣ ሹፌር፣ ባለሱቅ ከሆናችሁ 60 ዓመት ላይ የሚመጣ አበል የለም። ለእናንተ ከዚህ በታች ያለው ክፍል የበለጠ ይመለከታችኋል።

5. ከ60 በኋላ የት ትኖራላችሁ?

ይህ የገንዘብ ጥያቄ ነው፤ ቀልድ የለውም። የኛ ብሎክ ጂ ፕላስ አራት ነው። አሳንሰር የለውም። አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ አንዲት እናት ጉልበታቸውን ካመማቸው ወዲህ የሚወርዱት ለቅዳሴና ለሐኪም ብቻ ነው። አስቤዛ ከታች በገመድ በተንጠለጠለ ቅርጫት ይሳብላቸዋል። ልጃቸው ከሥራ ስትመለስ ውሃውን በጀሪካን ተሸክማ ትወጣለች።

50 ዓመት ላይ ሆናችሁ አስቡበት። የላዩን አከራይቶ ምድር ቤት መከራየት ይቻላል። ልዩነቱን ከኪሳችሁ ብትጨምሩም ለጉልበታችሁ ርካሽ ነው። መለዋወጥ የሚፈልግ ወጣት ቤተሰብም አይጠፋም።

የቤት ኪራይ ለእርጅና ከሚያስተማምኑ ገቢዎች አንዱ ነው። ግን በአዋጅ 1320/2016 መሠረት ውሉ በጽሑፍ መሆን፣ መመዝገብና ቢያንስ ለሁለት ዓመት መሆን አለበት። ጭማሪም እንደፈለጉ አይደለም። «ጡረታ ስወጣ ኪራዩን እጥፍ አደርገዋለሁ» ብላችሁ ዕቅድ አታውጡ።

ገንዘብን በቁጠባ ደብተር ብቻ ማቆየት አያዋጣም። ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ነው፤ የገበያው ዋጋ ከዚያ በላይ ሲሮጥ ብሩ እያደር ይቀንሳል። የስድስት ወር ወጪ በደብተር ይኑራችሁ፤ ለሕክምና ነው። የቀረው ሊሠራ የሚችል ነገር ላይ ይግባ፦ የቤቱን ብድር መጨረስ፣ ከግቢ የሚከራይ ክፍል መጨመር፣ የሚታወቅ ድርጅት አክሲዮን። ካሳ የወሰዱ የአካባቢያችን ገበሬዎች ላይ ያየሁት ትልቁ ስሕተት ብሩን በአንድ ዓመት በሚኒባስ መጨረስ ነው። መኪና ገቢ ያመጣል፤ ግን በየወሩ ያረጃል፣ ጋራዥም ያስገባል።

እቁብ መልካም ነው። ሆኖም ጡረታ ስትወጡ ዕጣችሁን አውጥታችሁ፣ ዕዳችሁን ዘግታችሁ ውጡ። በ5,400 ብር ላይ የደመወዝ ጊዜ እቁብ መጣል ጾም ማደር ነው።

ለጤና፣ በወረዳችሁ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ጠይቁ። መደበኛ ደመወዝ ለሌለው ቤተሰብ ዓመታዊ መዋጮ ከፍሎ መታከም ያስችላል። ምዝገባው ጊዜ ስላለው ሳይታመሙ ነው የሚገባው።

6. ኑዛዜውን ጻፉ

ኑዛዜ ፈቃድ ነው እንጂ ሟርት አይደለም። ግን ፎርሙ ከተሳሳተ ፈቃዱ ይቀራል። ብዙ ኑዛዜ ፍርድ ቤት የሚወድቀው ሐሳቡ ተሳስቶ ሳይሆን አንዲት ዓረፍተ ነገር ጎድላው ነው።

ሦስት ዓይነት አለ።

የቃል ኑዛዜ በሁለት ምስክር ፊት የሚነገር ነው። በእሱ የሚሰጠው እያንዳንዱ ስጦታ ከ500 ብር አይበልጥም። ስለ ቀብርና ስለ ትናንሽ ልጆች ሞግዚትም መናገር ይቻላል። ተናዛዡ ከሦስት ወር በላይ ከኖረ ደግሞ ይሻራል። ስለዚህ «አባባ አልጋ ላይ ሆነው ቤቱን ለእኔ ብለዋል» የሚለው አያዋጣም።

በራስ እጅ የሚጻፍ ኑዛዜ ምስክር አይፈልግም። ሁሉም በተናዛዡ እጅ መጻፍ አለበት። ኑዛዜ መሆኑ በግልጽ ይባል፤ እያንዳንዱ ገጽ ላይ ቀንና ፊርማ ይኑር። አንድ ወጥመድ አለው፦ በሰባት ዓመት ውስጥ ፍርድ ቤት መዝገብ ወይም ውልና ማስረጃ ካልተቀመጠ ይሻራል። ፍራሽ ሥር አሥር ዓመት የቆየ ኑዛዜ ዋጋ የለውም።

በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ እኔ ለሁሉም የምመክረው ነው። ተናዛዡ ራሱ ወይም ሌላ ሰው ይጽፈዋል። ከዚያ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል። መነበቡና ቀኑ እዚያው ጽሑፉ ላይ ይጠቀሳል። ሁሉም ወዲያው ይፈርማሉ፤ ፊደል የማያውቅ የጣት አሻራ ያደርጋል። ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ፣ የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ወይም የውልና ማስረጃ ሹም ሆኖ በሥራው ላይ ከተገኘ ሁለት ምስክር ይበቃል።

ያቺ የምትጎድለው ዓረፍተ ነገር ይህች ናት። ኑዛዜው መጨረሻ ላይ እንዲህ ጻፉ፦

«ይህ ኑዛዜ ዛሬ ____ ቀን ____ ዓ.ም. በተናዛዡና በአራቱ ምስክሮች ፊት ተነቧል። ተናዛዡም ቃላቸው መሆኑን አረጋግጠዋል። ተናዛዡና ምስክሮቹ በዚያው ቦታ ወዲያው ፈርመናል።»

ሰዉ ሰምቶ፣ ተነቦለት፣ «ተነቧል» የሚለው ቃል ስላልተጻፈ ብቻ ኑዛዜ ፈርሶ አይቻለሁ። የተነበበውን የሰሙት አራቱም ምስክሮች በሕይወት ነበሩ። አላዳነውም።

ስትጽፉ እነዚህን ጠብቁ፦

ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት አይናዘዙም። ሕጉ ከልክሎታል፤ ወረቀቱ ሙሉ በሙሉ ይወድቃል። እያንዳንዳችሁ የየራሳችሁን ጻፉ። ማታ ማታ አንድ ጠረጴዛ ላይ ብትጽፉም ወረቀቱ ሁለት ይሁን።

ምስክሮች ለአካለ መጠን የደረሱ፣ ኑዛዜው የተጻፈበትን ቋንቋ የሚሰሙ ይሁኑ። ወራሽን ምስክር አታድርጉ። ከእናንተ በዕድሜ የሚያንስ ሰው ብትጨምሩ ጥሩ ነው፤ አራቱም የ80 ዓመት አዛውንት ከሆኑ በኋላ ማን ይመሰክራል?

ንብረቱን ለይታችሁ ጥሩት። «ቤቴን» አትበሉ። የካርታ ቁጥሩን፣ ወረዳውን፣ ኮንዶሚኒየም ከሆነ ብሎክና የቤት ቁጥሩን ጻፉ። የምትናዘዙት የራሳችሁን ግማሽ ብቻ እንደሆነ አስታውሱ።

ልጅን መንቀል ከፈለጋችሁ በግልጽ ጻፉ፤ ምክንያቱንም ጻፉ። ስሙን መዝለል ከውርስ አይነቅለውም። በግሌ፣ በንዴት ቀን የተጻፈ መንቀያ ሳምንት ይደር እላለሁ።

ከኑዛዜው በኋላ ልጅ ከተወለደ ወይም ከተፋታችሁ አዲስ ጻፉ። እነዚህ ሁለቱ የድሮውን ሊሽሩት ይችላሉ።

ካርታ የሌለው ቤት፣ ጨረቃ ቤት የምንለው ወይም በውል ብቻ ከገበሬ የተገዛው፣ በኑዛዜ ባለቤትነት አያገኝም። ግን የገዛችሁበትን ውል፣ የከፈላችሁበትን፣ ምስክሮቹን በዝርዝር ጻፉ። ልጆቻችሁ አንድ ቀን ሲጠየቁ የሚይዙት እሱን ነው።

ሲያልቅ አንዱን ቅጂ ውልና ማስረጃ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ አስቀምጡ። ደረሰኙን ክላሰሩ ውስጥ አድርጉ።

7. ውክልናና ስጦታን አታምታቱ

ልጃችሁ ባንክና ወረዳ እንዲሮጥላችሁ ውክልና ስጡ። ቤት መሸጥ እንዲችል ካልፈለጋችሁ ውክልናው ላይ አይጻፍ፤ ለሽያጭ በግልጽ የተሰጠ ሥልጣን ያስፈልጋል። ከሁሉ በላይ ግን፣ ውክልና ወካዩ ሲሞት ይቀራል። «ውክልና አለኝ» ብሎ ከቀብር ማግሥት ባንክ የሚሄድ ልጅ ራሱን ጣጣ ውስጥ ይከታል።

ቤትን በሕይወት ሳሉ ለልጅ በስጦታ ማዞርም ይቻላል። እኔ አልወደውም። ስሙ ከዞረ በኋላ ልጅ ሊበደርበት ይችላል። ሊፋታ፣ ከእናንተ ሊቀድምም ይችላል። ግድ ከሆነ ዕድሜ ልካችሁን የመኖር መብታችሁን እዚያው ስጦታው ላይ አስጽፉ።

8. እድራችሁን አዘምኑ

ከመሐል ከተማ የመጣ ሰው ሁለት እድር አለው፤ ወይም አንድም የለውም። የድሮው ሰፈር ፈርሷል፣ ሰብሳቢው አያት ገብቷል፣ ጸሐፊው ጀሞ። መዋጮ እየከፈላችሁ እንደሆነ፣ እድሩም በእውነት መኖሩን አጣሩ። አዲስ ሰፈር ያለው እድር ውስጥ ግቡ። መግቢያው እንዳትከብዳችሁ ገና በደመወዝ ላይ ሳላችሁ ክፈሉ። ደብተሩ ላይ የትዳር ጓደኛ፣ ልጆች፣ ወላጆችና አማቾች ስም መጻፉን ተመልከቱ። እኔ ጸሐፊ ሆኜ የማልወደው ሥራ ቢኖር፣ ድንኳን ተተክሎ ሳለ «ስማቸው እዚህ የለም» ማለት ነው።

9. ከቀብር በኋላ ለሚቀሩት

ይህን ክፍል በአጭሩ ጽፋችሁ ክላሰሩ መጨረሻ ላይ አድርጉት፤ የሚያነቡት ልጆች ናቸው።

ሞት በ30 ቀን ውስጥ ወረዳ ይመዝገብ። የሐኪም ማስረጃ ካለ ይዛችሁ ሂዱ። የሞት ምስክር ወረቀቱ ሳይኖር ቀጣዩ በር አይከፈትም። ከዚያ ሟች ይኖርበት በነበረው አካባቢ ፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ይጠየቃል፤ አዲስ አበባ ውስጥ የከተማው ፍርድ ቤት ነው። ባንኩም፣ የመሬት ቢሮውም ያንን ነው የሚጠይቁት። ዕዳ ከውርሱ ይከፈላል፤ ሳይከፈል አትከፋፈሉ። ሌላ ሰው ንብረቱን ይዞት ከሆነ ካወቃችሁበት ቀን ጀምሮ ሦስት ዓመት ውስጥ ካልጠየቃችሁ መብታችሁ ሊያልፍ ይችላል። «ለቅሶው ይቅለለን» እየተባለ አራት ዓመት የሚሄድባቸው ቤተሰቦች አሉ።

10. በጳጉሜን ክፈቱት

የእናቴ ክላሰር አረንጓዴ ነው። በየዓመቱ ጳጉሜን ላይ፣ ቤት ሲጸዳ፣ አብረን እንከፍተዋለን። የተከፈለ ዕዳ ይሰረዛል። አዲስ የባንክ ሒሳብ ይጻፋል። የተወለደ የልጅ ልጅ ልደት ወረቀት ይገባል። ከኑዛዜው ምስክሮች መካከል ያረፈ ካለ ስሙ ጎን እንጽፋለን፤ ሁለት ካረፉ ኑዛዜው በአዲስ ምስክሮች ይታደሳል። ዘንድሮ የአክሲዮኑን ወረቀት ጨመርን፣ የፋይዳ ቁጥሯን ከባንኩ ጋር አስተካከልን። የቀረን የካርታው ስም ነው። መስከረም ሲገባ ቢሮ ሲከፈት አብረን እንሄዳለን፤ መነጽሯን እንዳትረሳ ክላሰሩ ውስጥ አስገብቼዋለሁ።